ከጎተራው ሥር ያሉት ድመቶች

ቅዳሜ ገበያ፣ ቅቤ ተራ ጫፍ ላይ አንዲት ሴት የጄሪካኗን ክዳን ስትከፍት የአጓት ሽታ አፍንጫዬን መታኝና እግሬ አልሄድ አለኝ። ለማያውቀው ሰው ሽታም አይባልም። አይብ ከወጣ በኋላ ድስቱ ውስጥ የሚቀረው ቢጫ ውኃ ነው፤ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ፣ ትንሽ ጭስ ጭስ የሚል። ከተማ ውስጥ አጓት የሚገዛ ሰው የለም። ሴትዮዋም የምትሸጠው ቅቤ ነበር፤ አጓቱን የያዘችው ለመንገድ ጥሟ ይመስለኛል። እኔ ግን ቅቤውን ትቼ ጄሪካኑ ላይ ፈዝዤ ቀረሁ።

«ከየት ነሽ የኔ እመቤት?» አልኳት።

«ከትክል ድንጋይ ወዲያ ነኝ እትዬ። ከላይ አርማጭሆ።»

«መንገዱ ዝግ ነው ሲሉ አልነበር? በምን መጣሽ?»

«በእግሬ ነዋ። ማኪና ከየት ይመጣል። በጥጋጥጉ ስል ስል ትናንት ገባሁ።»

«ሰዉስ ደኅና ነው?»

«ሰዉማ በየቤቱ ተከቶ ነው ያለ።» ቀና ብላ አየችኝ። «ምነው እትዬ፣ ሰው አለሽ?»

«ልጄ አለ» አልኳት። እሷም ሌላ አልጠየቀችኝም፤ ቅቤውን በቅጠል ጠቅልላ ስትሰጠኝ «ሸጋ ነው፣ ይመጣል» አለችኝ፤ ከየት አውቃው እንደሆነ እንጃ። ግን እንዲህ ያለ ቃል ከማንም ቢመጣ የምቀበልበት ሰሞን ነበርና ተቀብዬው ሄድኩ።

ልጄን ይበልጣልን ወደዚያ የላክሁት እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ ማራኪ ሰፈር እኔው ጋር ነው የሚኖረው። ከትክል ድንጋይ ወረድ ብሎ የባለቤቴ የአባቱ እርሻ አለን። ባለቤቴ ፈንታሁን ካረፈ ወዲህ እርሻውን በእኩል የሚያርስልን አያ መልኬ የሚባል ሽማግሌ ነበር፤ ዘንድሮ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ጤና አጣና ሳንጃ ልጁ ዘንድ ወረደ። ቤቱ ባዶ ቀረ። ጤፉን ጎረቤት ቤቱ አስገብቶ ያየዋል፣ ከብት የለንም፣ የሚሰረቅ ዕቃም የለም። እኔን እንቅልፍ የነሱኝ ድመቶቹ ናቸው። እነዚያ ድመቶች የቤት ድመት አይደሉም፣ የዱርም አይደሉም። ጎተራው ሥርና ጭዱ ውስጥ እየተዋለዱ ከእኔ ሠርግ በፊት ጀምሮ ኖረዋል፤ ጠዋት ጠዋት የሚቀመስ ነገር ይጠብቃሉ፣ ሰው እጁን ከዘረጋ ግን ይቧጭራሉ። «የሚያያቸው ሰው የለም፤ ፈተናውን አርመህ እንደጨረስክ ሂድና እያቸው» ብዬ ልጁን ነዘነዝኩት። «እማዬ፣ እነሱ አይጥ አላቸው» አለኝ። «አይጥማ ጎተራው ባዶ ሲሆን ጥሎ ይሄዳል» አልኩት። ሳቀና ሄደ። እንደሄደ ተኩስ ተነሣና መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩም ጠፋ። ደጋግሜ ስደውል ያቺ የስልኳ ሴት ለጊዜው ሊገኙ አይችሉም ትለኛለች፤ ድምጿ ጥሩ ነው፣ ምንም አይጨንቃትም።

ከገበያው ወደ ማራኪ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ሁሉም ተማሪ ነው። ጆሮአቸው ላይ የሰኩት ነገር ውስጥ ምን እንደሚዘፈን አይሰማኝም፤ እነሱም እኔን አይሰሙኝም። በእኛ ጊዜ ዘፈን የሁሉ ነበር። ፒያሳ ላይ ከአንደኛው ሻይ ቤት በር በላይ የተሰቀለ ራዲዮ ነበረ፤ አንድ ዘፈን ከወጣ ከፖስታ ቤቱ ጀምሮ እስከ ታች ድረስ የሚሄደው ሰው ሁሉ በዚያው ዜማ ይራመዳል። ማኪያቶ በስሙኒ፣ በሃያ አምስት ሳንቲም ነበር፤ ስሙኒ ሲባል ዛሬ ለልጆቹ ማስረዳት አለብኝ። ፈንታሁንን ያየሁት እዚያው ነው። ከታች ሰፋ ብሎ ጫማ የሚሸፍን ሱሪ፣ አንገትጌው ትከሻ ላይ የሚደርስ ሸሚዝ፣ ጎፈሬው ደግሞ ለብቻው ወንበር የሚያስፈልገው። እኔ ነርስነት ጨርሼ ሆስፒታል ገብቼ ነበር፤ እሱ የጤና ረዳት ነው። ከተማ ያደግሁ ነኝ፤ አባቴ የደብር አለቃ፣ ግቢያችን የዜማ ተማሪ የሚርመሰመስበት ነበርና ከብትም እርሻም አላውቅም። ፈንታሁን ግን የአርማጭሆ ልጅ ነው፤ ጎፈሬውን አበጥሮ ሲጨርስም ንግግሩ ሁሉ ስለ በሬ ነበር።

በተጋባን በዓመቱ አካባቢ ፈንታሁንን ለሥራ ፈለጉት። ያኔ «ለሥራ ተፈለገ» ይባልና ሰው ይሄዳል፤ ወዴት፣ ለምን ያህል ጊዜ ተብሎ አይጠየቅም። የጠየቀም መልስ አላገኘም። ቆላ ወርዷል አሉን፣ ከዚያ ወዲያ ተሻግሯል አሉን፣ ከዚያ ወዲህ ምንም አላሉንም። እኔ ነፍሰ ጡር ነበርኩ፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ይበልጣል ሆዴ ውስጥ ነው። ከተማው ደግሞ ማታ ማታ ደስ የማይል ነገር ስለነበረበት አባቴ «ወደ ባልሽ ወላጆች ሂጂ፣ ገጠር ይሻላል» አለኝ። በአሮጌ አውቶቡስ ከዶሮና ከጨው ጋር ተጭኜ ትክል ድንጋይ ወረድኩ። ታኮ ጫማ አድርጌ ነበር። አማቴ አያ ታከለ መናኸሪያ መጥተው ጫማዬን አዩ፣ ወደ ሰማይ አዩ፣ ከዚያ ምንም ሳይሉ ቦርሳዬን ተቀብለው ቀደሙኝ። ወዲያው ከገበያው የላስቲክ ጫማ ገዙልኝ። እኔ አባባ እላቸዋለሁ።

የቤቱ እመቤት ግን አማቴ እማማ ውዴ ነበሩ። ቀጠን ያሉ፣ ንግግር የማይወዱ፣ ደግነታቸው በሥራ እንጂ በአፍ የማይታይ ሴት ናቸው። በየጠዋቱ አይባቸውን አውጥተው ሲጨርሱ አጓቱ እንዲበርድ ይጠብቁና በቅል ይዘው ወደ ጎተራው ይሄዳሉ። ጎተራው በድንጋይ እግር ላይ የቆመ ነው፤ ከሥሩ ጎድጎድ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። አጓቱን እዚያ ያፈስሳሉ። በጾም ወራት አይብ ስለማይበላ አሬራው ጭምር ለድመቶቹ ነው፤ «እነሱ አይጾሙ፣ እኛ ስንጾም እነሱ ይወፍራሉ» ይሉ ነበር፤ ከእሳቸው አፍ የሰማሁት ብቸኛ ቀልድ ነው። አፍስሰው ሲጨርሱ አይሄዱም። ፊታቸውን ወደ ደጁ አዙረው፣ ጀርባቸውን ለጎተራው ሰጥተው ቆም ይላሉ። የመጀመሪያ ቀን አጠገባቸው ቆሜ ድመቶቹን ለማየት አንገቴን ሳሰግግ ክንዴን ይዘው አዞሩኝ።

«ሰው እያያቸው አይወጡም» አሉኝ። «ዓይን ይፈራሉ። ጀርባ ስትሰጫቸው ነው የሚያምኑሽ።»

«ታዲያ መጥተው እንደጠጡ በምን ይታወቃል?»

«ድምፅ አለ። ስሚ።»

እውነትም ድምፅ አለ። ብዙ ትንንሽ ምላሶች ድንጋይ ሲልሱ። ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነብኝ፤ በየጠዋቱ ሁለታችን ጎን ለጎን ቆመን ጀርባችንን ሰጥተን እንሰማለን። እማማ ውዴ ልጃቸው ስለጠፋባቸው አንድ ቃል ተናግረው አያውቁም፤ እኔም ሳለቅስ እንዳያዩኝ እጠነቀቅ ነበር። ያቺ ሰዓት ግን ሁለታችንም የምንጠብቀው ነገር ስለነበር ቀለል ይለን ነበር። ሆዴን ይዤ እቆማለሁ፣ ከኋላዬ ድምፁ ሲመጣ ትንፋሼን እለቅቃለሁ። ባይመጣ ምን እሆን እንደነበር አላውቅም፤ በዚያ ሰሞን ያልመጣ ነገር ሁሉ እንደ መርዶ ነበር የሚሰማኝ።

አንድ ቀን ታዲያ ድምፁ ቀነሰ። በማግስቱ ባሰበት። ያ ዓመት የአይጥ ዓመት ነበር፤ አይጡ ከማሳው ወደ ቤት ገብቶ የተሰቀለ ቅል ሳይቀር በላ። አባባ ተናድደው ከገበያ መርዝ ገዙና ከእህል ጋር ለውሰው በየጥጉ አስቀመጡ። ጥንቃቄ አላጓደሉም። ውሻውን አሰሩ፣ ዶሮዎቹን ዘጉ፣ ጥጃውን ጎረቤት ወሰዱ። ድመት እህል አይበላም ብለው ስለ ድመቶቹ አላሰቡም። ድመቶቹ ግን መርዙን የበላውን አይጥ በሉ። አንዱን ከጭዱ አጠገብ፣ አንዱን ከምንጩ መንገድ፣ ሌላውን ደግሞ ከአጥር ሥር ደርቆ አገኘነው። አባባ እያነሱ ቀበሯቸው፤ መርዙንም ሰብስበው ጉድጓድ ቆፍረው ጣሉት። እማማ ውዴ አልተቆጧቸውም። አጓቱን ማፍሰስም አላቋረጡም። ከኋላችን የሚሰማው ግን የአንዲት ምላስ ድምፅ ብቻ ሆነ።

እሷም አንዲት ዳለቻ ድመት ናት። ስም አልነበራትም፤ በዚያ ቤት ለድመት ስም አይወጣም፤ «ዳለቻዋ» እንላት ነበር። እሷ ከሞተች ጎተራው ያለቀለት ነው፤ የዓመቱ እህል ገና ከአውድማው አልገባም፣ አይጡም መርዙ ከጠፋ በኋላ እንደገና መቧጨር ጀምሯል። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ጨመርኩበት። በየጠዋቱ ድምፁ ከመጣ ፈንታሁን በሕይወት አለ እያልኩ መቁጠር ጀመርኩ። የተማረች ነርስ ነኝ፤ ሙቀት የምለካ፣ መርፌ የምወጋ። እንዲህ ያለውን ነገር ለማንም አልናገርም ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ግን እቆጥር ነበር።

ከዚያ ዳለቻዋ አጓቱን ጠጥታ የምትሄድበት አቅጣጫ ተለወጠ። ወደ ጎተራው ሥር መመለሱን ትታ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ አውድማው መሄድ ጀመረች። እማማ ውዴ ከሩቅ ተከትለዋት ኖሮ ሲመለሱ ፊታቸው ልክ አልነበረም። ከጤፉ ክምር ሥር ወልዳለች። ነዶው መሐል ሰርስራ ገብታ፣ ሙቀት ያለበት ቦታ መርጣ። የክምሩ ውቂያ ደግሞ በማግስቱ ነበር፤ ደቦ ተጠርቷል፣ ጠላው ደርሷል፣ በሬ ከጎረቤት ተለምኗል።

እራት ላይ እማማ ውዴ ነገሩን ለአባባ ነገሯቸው።

«እና ምን ላድርግ?» አሉ አባባ።

«አንድ ሁለት ቀን ይቆይ።»

«ሰማዩን አይተሽዋል? ዳመናው ያላማረ ነው። በዚህ ወር ከዘነበ ጤፉ ይጠቁራል። የተጠራ ሰውስ? ለድመት ብዬ ደቦ ልመልስ? አገር ይስቅብኛል።»

«ታዲያ ግልገሎቹን በእጅ ብናወጣቸውስ?» አልኩ እኔ፣ መፍትሔ ያገኘሁ መስሎኝ።

«እጅ የነካውን አትወስድም» አሉኝ እማማ ውዴ። «የሰው ጠረን ካገኘችበት እነሱንም ትታ፣ ቤቱንም ትታ ነው የምትጠፋ።»

አባባ እንጀራቸውን ጠቅልለው ጎረሱ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ድመቶቹን በገዛ እጃቸው የቀበሩ ሰው ናቸው። ግን የዓመቱ እህል ያለው እዚያ ክምር ውስጥ ነው። እኔም ሳስበው የማን ወገን መሆን እንዳለብኝ አላወቅሁም። ክምሩ ሲፈርስና በሬዎቹ ሲገቡበት የሚሆነው ነገር እየታየኝ ገበታውን አነሣሁ።

እዚህ ላይ ስለ አውድማ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ዛሬ የከተማው ልጅ አያውቀውምና። አውድማ በእበት ተለቅልቆ ከደረቀ በኋላ እንደ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው የሚከበረው። ወንዱ ጫማውን አውልቆ ነው የሚገባበት። ብዙ ነገር በስሙ አይጠራበትም፣ ክፉ ቃል አይወጣበትም። ሴት ደግሞ ከነጭራሹ አትረግጠውም፤ በረከቱ ይነሳል ይባላል። ምግብና ጠላ ይዘን ስንሄድ ዳር ላይ አስቀምጠን፣ ወንዶቹ መጥተው ይወስዱታል። እማማ ውዴ በዚያ ቤት አርጅተዋል፤ አንድም ቀን የአውድማውን ልቅላቂ በእግራቸው ነክተው አያውቁም። እንዲያውም እኔ የመጣሁ ዕለት ያስጠነቀቁኝ የመጀመሪያ ነገር ይኸው ነበር።

ጠዋት ደቦኛው መጣ። ገለባ ማንሻ መንሽ የያዘ፣ ጅራፍ የያዘ፣ ዜማ የሚያወጣ። ሴቶቹ ምግቡን ተሸክመን ዳር ደረስን። ከምዕራብ በኩል፣ ከሳንጃ ቆላ ላይ ጥቁር ዳመና ቆሟል። አንድ ጎረምሳ መንሹን አንሥቶ ወደ ክምሩ ሲጠጋ እማማ ውዴ የተሸከሙትን መሶብ መሬት አስቀመጡ። የላስቲክ ጫማቸውን አወለቁ፤ አንዱን በአንዱ ላይ አድርገው አስተካክለው አኖሩት። ከዚያ አውድማው ውስጥ ገቡ።

ዜማው ቆመ። ጎረምሳው መንሹን እንዳነሣ ቀረ። አባባ «ውዴ» አሉ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፤ በሰው ፊት በስማቸው ሲጠሯቸው ያኔ ነው የሰማሁት። እማማ ውዴ እስከ ክምሩ ድረስ አልሄዱም፤ ከአውድማው መካከል ላይ ቆሙ።

«ከመንካታችሁ በፊት ፊታችሁን አዙሩ» አሉ። «ሁላችሁም። ድመቷ ሰው እያያት ልጆቿን አታወጣም።»

ወንዶቹ ወደ አባባ ተመለከቱ። እኔም ወደ አባባ ተመለከትኩ። ፊታቸው ጠቁሯል። ሚስታቸው አውድማቸውን ረግጠዋል፤ እህሉ ገና አልተወቃም፤ ዝናቡ እየመጣ ነው፤ አገሩ በሙሉ ቆሞ ያያል። ቢቆጡ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር። አባባ መንሻቸውን ልቅላቂው ዳር መሬት ላይ ተከሉት። ከዚያ ዞሩና ጀርባቸውን ለክምሩ ሰጡ። ከአጠገባቸው የነበሩት ሽማግሌ ተከተሉ፣ ከዚያ ጎረምሶቹ፣ በመጨረሻ እኛ ሴቶቹ። እማማ ውዴም ዞሩ። በሬዎቹ ብቻ ወደ ክምሩ ያዩ ነበር።

ስለዚህ ያየሁት ነገር የለም፤ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ። መጀመሪያ ምንም የለም። አንዱ ወንድ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሌላው እግሩን ቀየረ። ነፋሱ ዝናብ ዝናብ ይሸታል። እኔ ከፊቴ ያለውን የግራር ግንድ እያየሁ ትወጣለች፣ አትወጣም፣ ትወጣለች እላለሁ። ሆዴ ውስጥ ልጁ ይራገጣል። ከዚያ ገለባ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ቀጭን ድምፅ፣ የግልገል ጩኸት፣ ወዲያው ታፈነ፤ ባንገቱ ነክሳ አንሥታዋለች ማለት ነው። በአጥሩ ቀዳዳ በኩል አለፈ። ዝም አለ። ትመለስ ይሆን ወይስ በዚያው ትቀር እያልን ቆምን። ተመለሰች። እንደገና ገለባው ተንኮሻኮሸ። ስንት ጊዜ እንደተመላለሰች አላስታውስም፤ በመካከሉ ጠብታ ፊቴ ላይ ሲያርፍ ግን አስታውሳለሁ፤ አባባ ራሳቸውን ወደ ሰማይ ቀና ሲያደርጉ አይቻለሁ፤ አልዞሩም።

«በቃ» አሉ እማማ ውዴ።

በምን እንዳወቁ አልጠየቅኋቸውም። ክምሩን በቀስታ አፈረሱት። ከሥሩ በጸጉር የተነጠፈ ጎድጎድ ያለ ቦታ ተገኘ፤ ጎረምሳው እጁን አስገብቶ «ሙቅ ነው» አለ፤ ባዶ ነበር። ዝናቡም ጠብ ጠብ አለና ወደ ዳባት በኩል አለፈ። አባባ ለቀናት እማማ ውዴን አላነጋገሯቸውም። እህሉን ጎተራ ሲያስገቡ ራሳቸው ሰፈሩት፤ ሰዉ ሁሉ በረከቱ ተነሥቶ እንደሆነ ለማወቅ አንገቱን አስግጎ ይጠብቅ ነበር። ከአምናው አላነሰም፣ አልበለጠምም። ከዚያ በኋላ ተነጋገሩ።

በውቂያው ማግስት ጠዋት ዳለቻዋ ጎተራው ሥር ስትልስ ሰማናት። ጀርባችንን ሰጥተን እንደቆምን አላስችል ብሎኝ ጠየቅኋቸው፤ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ሰው ሁሉ ፊት፣ ለድመት ብለው እንዴት ያንን አደረጉ?

«ለድመት ነው ያለሽ ማን ነው?» አሉኝ። ቅሉን መሬት አኖሩት። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «ልጄ የትም ይሁን የት፣ የሚያልፍበት መንገድ ላይ ሰው ቆሞበት ይሆናል። ከቆሙት አንዱ እንኳ ለአፍታ ፊቱን ያዙርለት ብዬ ነው።»

ያን ጊዜ አለቀስኩ። እሳቸውም ሳይዞሩ እጄን ያዙ።

ፈንታሁን ከጥምቀት ወዲያ በሰው ጫማ፣ ጎፈሬው ተላጭቶ፣ ግማሽ ሆኖ መጣ። እንዴት እንደመጣ እስኪሞት ድረስ አልነገረንም፤ እናቱም አልጠየቁትም። ይበልጣል ተወለደ፣ ከተማ ተመለስን፣ ዘመኑም ተለወጠ፣ እንደገናም ተለወጠ። ዋጋው ናረ፣ ሱሪው ጠበበ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተከታትለው አረፉ። ፈንታሁን እርሻው በሄደ ቁጥር አጓቱን ራሱ ያፈስስ ነበር፤ ይበልጣልንም ከልጅነቱ ጀምሮ ጀርባውን አዙሮ መቆም ያስተማረው እሱ ነው። የአውድማውን ታሪክ ግን የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ሳይጠግብ እንደገና ንገሪኝ እያለ አደገ። ምናልባት ለዚህ ይሆናል «ሂድና እያቸው» ስለው ስቆ የሄደልኝ።

ከገበያ በተመለስኩ በማግስቱ ስልኩ ጮኸ። ጠዋት ነበር፤ ግቢያችን የተከራዩት ተማሪዎች ልብስ እያጠቡ ይሳሳቃሉ፤ ዝም እንዲሉ በእጄ ምልክት ሰጠኋቸው።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። ኮረብታው ላይ ወጥቼ ነው፣ ይቆራረጣል።»

«ደኅና ነህ?»

«ደኅና ነኝ። ስሚኝ፣ ዛሬ መንገዱ ተከፍቷል አሉ። አንድ ማኪና ከትክል ድንጋይ አሁን ሊነሣ ነው፤ ሾፌሩን አውቀዋለሁ፣ ቦታ ይዞልኛል።»

«ግባ እንግዲህ።»

«ድመቶቹ ግን እማዬ» አለ። «ከዚያ ተኩስ ወዲህ ተበትነዋል። ጠዋት ጠዋት ከጎረቤት አጓት እያመጣሁ አፈስስላቸዋለሁ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ እቆማለሁ፣ ምንም አይሰማም። ትናንት ግን አንዲቷ ከጭዱ ሥር ጮኸች። ትንሽ ብቆይላቸው ሊመለሱ ነው። አንድ ቀን ብቻ።»

«ነገ መንገዱ ክፍት ይሆናል?»

«እንጃ። ማንም አያውቅም።»

ይህን የምጽፈው ሰው እንዲፈርድልኝ አይደለም። ድመቶቹን እወዳቸዋለሁ፤ እማማ ውዴ ባዶ እግራቸውን አውድማ የረገጡላቸው ናቸው፤ እኔው ነኝ ልጄን የላክሁላቸው። እሱም የሚለው ትክክል ነው፤ አንዲቷ ከጮኸች ሌሎቹ ይከተላሉ፤ አሁን ሰው ከጠፋባቸው ግን ከዚያ ወዲያ አይመጡም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ።

«ተዋቸውና ና» አልኩት።

«እማዬ?»

«ድመቶቹን ተዋቸውና ና አልኩህ።»

«እሺ፣ ቢያንስ ቤት ልመለስና የሚቀመስ ነገር ላኑርላቸው። ሩቅ አይደለም፤ ሾፌሩ ትንሽ ቢጠብቀኝ...»

«አትመለስ። ከቆምክበት ቀጥ ብለህ ወደ ማኪናው ውረድ። ቁልፉን ለጎረቤት መስጠትም አያስፈልግም። ውረድ።»

የኮረብታው ነፋስ ስልኩ ውስጥ ያፏጫል። የአውድማውን ታሪክ ስነግረው ያደገ ልጅ ነው፤ ምን እያሰበ እንደሆነ አውቄዋለሁ። «እሺ» አለና ዘጋው።

እኩለ ቀን ሳይሞላ ደረሰ። አቧራ ለብሶ፣ ጢሙን ሳይላጭ። በሩ ላይ አቅፌው ቆየሁ፤ ተማሪዎቹ ሳይቀሩ እልል አሉ። ውኃ አሞቅኩለት፣ ያንን ቅቤ አንጥሬ ወጡ ላይ ጨመርኩለት፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ሲበላ አየሁት። ጥሩ አድርጎ በላ። መንገዱን ነገረኝ፣ ጤፉ ደኅና መሆኑን ነገረኝ፣ የአያ መልኬን ጤና ከሰው ጠይቆ ያገኘውን ነገረኝ። ስለ ድመቶቹ አላነሣም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። መንገዱ በማግስቱ ተዘጋ፤ እስካሁንም አልተከፈተም። እንደገና ቢደውልልኝ የምለው ያንኑ ነው።